የፒኤችኪው-9 ነጥብ ወረደ ማለት ታካሚው ተሻለው ማለት ነው? በኦንላይን ሕክምና ለውጥን በምን ትለካላችሁ?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምክርና የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ነው። ከአንዳንዱ ታካሚ ጋር በቪዲዮ እንገናኛለን። አንዳንዱ ድምፅ ብቻ ይመርጣል። ከጽሑፍ ውጪ የማይፈልጉም አሉ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

የምንጠቀምበት አፕ በየሳምንቱ ሁለት መጠይቅ ይልካል፤ ለድባቴ ፒኤችኪው-9፣ ለጭንቀት ጋድ-7። ታካሚው ስልኩ ላይ ይሞላል፣ አፑ ይደምራል፣ እኔ ጋ መስመር ሆኖ ይደርሳል። መስመሩ ቁልቁል ከሄደ አረንጓዴ ነው፣ ሽቅብ ከሄደ ቀይ። ወር ሲያልቅ አለቃዬ የሁላችንንም መስመር ሰብስቦ «ስንት ሰው ተሻለው?» ይላል። የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ለሚደጉሙን ሰዎች የሚያሳየው አንድ ቁጥር።

መለካትን የምጠላ ሰው አይደለሁም። እንዲያውም ከስክሪን ጀርባ ያለ ባለሙያ ያለ መጠይቅ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። በአካል ሲሆን ሰውየው ሲገባ አረማመዱን ታያላችሁ። እጁ መንቀጥቀጡን፣ ልብሱን ሳይቀይር መሰንበቱን ታያላችሁ። በቪዲዮ የማየው ከትከሻ በላይ ብቻ ነው። በጽሑፍ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብሎ ሲጽፍልኝ ፊቱን አላየውም። ስለዚህ ይቅርብን እያልኩ አይደለም። የቸገረኝ ቁጥሩና ሰውየው አልገናኝ ሲሉኝ ነው።

አንዷን ልንገራችሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። ስትጀምር ነጥቧ 17 ነበር። ከሳምንታት በኋላ 8 ገባ። ለአፑ ይሄ ትልቅ ድል ነው፤ ከግማሽ በላይ ወርዷል፣ ከ10 በታችም ሆኗል። እሷን ስጠይቃት ግን «ያው ነኝ» አለችኝ። ድምፅዋም ያው ነው። ድምሩን ትቼ እያንዳንዱን ጥያቄ ከፍቼ አየሁት። ለካ ሐኪሟ እንቅልፍ የሚያመጣና የምግብ ፍላጎት የሚከፍት የድባቴ መድኃኒት ጀምሮላታል። እንቅልፍ ከ3 ወደ 0 ወርዷል። የምግብ ፍላጎትም እንዲሁ። ድካም ከ3 ወደ 1፣ ትኩረት ማጣት ከ1 ወደ 0። ዘጠኙም ነጥብ የወረደው ከእነዚህ ነው። ማዘን፣ በምንም ነገር ደስ አለመሰኘት፣ ራስን እንደማይረባ ማየት፣ ሦስቱም 2 ላይ ናቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። እንቅልፍ ማግኘቷ ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ወደ እኔ የመጣችበት ጉዳይ ግን ገና አልተነካም።

ሌላው ተቃራኒው ነው። ወጣት ልጅ ነው። ነጥቡ 14 አካባቢ ተገትሮ ቀርቷል። አፑ «ለውጥ የለም» ይላል። ይሄ ልጅ ሲጀምር ካሜራውን አያበራም ነበር። የጓደኞቹን ስልክ አያነሳም፣ ትምህርቱንም አቋርጦ ነበር። አሁን ክፍል ይገባል። ፈተና ተፈትኗል። ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል። «አሁንም ይከፋኛል፤ ግን እየከፋኝም እሄዳለሁ» ይለኛል። ይህን በየትኛው ሣጥን ልሙላው?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስቡኝ ግን መሙላት የሚያቆሙት ናቸው። ሁለት ሦስቴ ይሞላሉ፣ ከዚያ ዝም። መልእክት ብልክም መልስ የለም። አፑ በስሌቱ ውስጥ አያስገባቸውም። ተሽሏቸው ይሁን ብሶባቸው አላውቅም። የወሩ ቁጥር ግን እነሱ ስለሌሉበት ያምራል።

እና እናንተ በምን ትለካላችሁ? ከድምሩ ሌላ ምን ታያላችሁ? የጠፉትን እንዴት ትቆጥራላችሁ? ለአለቃስ ምን ዓይነት ቁጥር ነው የሚሰጠው? አሁን ደግሞ ከስማርት ሰዓት እርምጃና እንቅልፍ እንሰብስብ የሚል ሐሳብ መጥቷል። የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

---

ቁጥር አንባቢ፦

እህት፣ ጥሩ ጥያቄ አነሳሽ። ሥራዬ የጤና መረጃ ትንተና ነው፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎቶችንም መረጃ እሠራለሁ። ከመጨረሻው ልጀምር፣ ከጠፉት። የኦንላይን አገልግሎት ሪፖርት በብዛት የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

እንበል 100 ሰው ጀመረ። 40ዎቹ እስከ መጨረሻው ሞሉ። ከ40ዎቹ 28ቱ ተሻላቸው። አለቃሽ «70 በመቶ ተሻላቸው» ብሎ ይጽፋል። ስሌቱ ልክ ነው። ግን 60ዎቹ የት ገቡ? ከጀመሩት ሁሉ ብንቆጥር መሻላቸውን በእርግጠኝነት የምናውቀው 28 በመቶውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥር አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይውጣ። ከነሱ አጠገብ ደግሞ «60ዎቹ የመጨረሻ ልኬት የላቸውም» የሚል መስመር ይኑር። ይሄ መስመር በሌለበት የቀረውን ቁጥር አላምነውም።

ጉንተር አይዘንባክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን ነገር በደንብ ለይቶ ጽፎታል። በኢንተርኔት በሚሰጥ ሕክምና ሰው መጥፋቱ የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ራሱን ችሎ ይጠና ነው የሚለው። ሁለት ዓይነት መጥፋትንም ይለያል። አንዱ አገልግሎቱን መጠቀም ማቆም ነው። ሌላው መጠይቁን መሙላት ማቆም። ያንቺ አፕ ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል። በየሳምንቱ ቪዲዮ ላይ የሚገኝ ግን ቅጽ የሰለቸው ሰውና ድምፁ ጨርሶ የጠፋ ሰው እኩል አይደሉም። መጀመሪያ እነሱን ለዪ።

መፍትሔው ምንድነው ካልሽ፣ የእንግሊዝን አገር የሕዝብ አገልግሎት ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የንግግር ሕክምና ፕሮግራም ነው፤ ከ2023 ጀምሮ «ኤንኤችኤስ ቶኪንግ ቴራፒስ» ይባላል። እዚያ ፒኤችኪው-9 እና የጭንቀት መለኪያ በየክፍለ ጊዜው ይሞላሉ፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው መቼ እንደሚያቆም አስቀድሞ አይናገርም። በየጊዜው ከተሞላ ግን ቢያቆምም የመጨረሻው ልኬት እጅሽ ላይ ይቀራል። ሕክምና ጀምረው ከጨረሱት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያም የመጨረሻም ልኬት ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ነገር አለ። መጠይቁ የክፍለ ጊዜው አካል ነው፤ ባለሙያውና ታካሚው አብረው ያዩታል። በራሱ ጊዜ እንደሚመጣ ኖቲፊኬሽን ብቻውን አይንሳፈፍም።

ወደ ቁጥሩ ልግባ። ፒኤችኪው-9 ከ0 እስከ 27 ይሄዳል። 5፣ 10፣ 15 እና 20 የደረጃ ወሰኖቹ ናቸው። ችግሩ ሰው ከ11 ወደ 9 ሲወርድ አፑ «ከ10 በታች ገባ፣ ተሻለው» ይላል። 2 ነጥብ ግን መጠይቁ ራሱ የሚወዛወዝበት ልክ ነው። ያው ሰው፣ በያው ስሜት፣ በሌላ ቀን ቢሞላው ያን ያህል ሊለያይ ይችላል። ጃኮብሰንና ትሩአክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያስቀመጡት ሐሳብ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ለውጡ ከመለኪያው መወዛወዝ የበለጠ ነው ወይ ብለሽ መጀመሪያ ትጠይቂያለሽ። ከዚያ ሰውየው ከሕመም ክልል ወጥቷል ወይ ትያለሽ። እንግሊዞቹ ለፒኤችኪው-9 ቢያንስ 6 ነጥብ፣ ለጋድ-7 ቢያንስ 4 ነጥብ ለውጥ ይፈልጋሉ። «አገገመ» ለማለት ደግሞ ሰውየው ሲጀምር ቢያንስ በአንዱ ወሰኑ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሲጨርስ በሁለቱም ከወሰኑ በታች መሆን አለበት። ወሰኑ ለፒኤችኪው-9 10፣ ለጋድ-7 8 ነው። «አስተማማኝ ለውጥ» እና «አገገመ» የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ሪፖርት ይደረጋሉ።

አንድ ነገር አትርሺ። ሰው እርዳታ የሚፈልገው በጣም በከፋበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግለትም ብዙ ጊዜ ነጥቡ ትንሽ ይወርዳል። ስለዚህ የወረደው ሁሉ በእኛ ሥራ ነው ብሎ መጻፍ አይቻልም። ይህን ለአለቃሽ ማስረዳት ይከብድ ይሆናል፤ ግን መነገር አለበት።

የአፑን አሠራርም ፈትሺ። አንዳንድ አፖች ያለፈውን ሳምንት መልስ ቀድመው ሞልተው ያሳያሉ። ሰው «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ያልፋል። እንዲህ የመጣ ቀጥ ያለ መስመር ለውጥ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ለመሙላት የፈጀውንም ጊዜ እይ። ዘጠኝ ጥያቄ በጥቂት ሰከንድ አልቆ ሁሉም መልስ አንድ ዓይነት ከሆነ ያ ሰው አላነበበውም።

ገብቶ የወጣበትን ብዛት፣ የላከውን መልእክት፣ አፑ ላይ የቆየበትን ደቂቃ በ«መሻሻል» ስም ሪፖርት ውስጥ እንዳታስገቢ። ያ የአጠቃቀም ቁጥር ነው። የተሻለው ሰው አፑን ሊተው ይችላል፣ የባሰበት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ሊያድር ይችላል።

---

የቆየች ነርስ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ብዙ ዘመን በአእምሮ ጤና ነርስነት ሠርቻለሁ፤ አሁን የስልክና የቪዲዮ ክትትል አስተባብራለሁ። የቁጥሩን ነገር ወንድማችን በደንብ አስረድቶታል። እኔ ያልተነሳውን ላንሳ፤ ዘጠነኛውን ጥያቄ።

ፒኤችኪው-9 መጨረሻው ላይ ሰውየው ብሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መጥቶበት እንደሆነ ይጠይቃል። በእናንተ አፕ አንድ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለዚህ ጥያቄ 3 ብሎ ቢሞላ ማን ያየዋል? መቼ ያየዋል? ይህን ሳትመልሱ መስመሩ አረንጓዴ ሆነ ቀይ ሆነ ብሎ መጨቃጨቅ አይገባም። አጠቃላይ ድምሩ 6 የሆነ ሰው ዘጠነኛው ላይ 2 ሊኖረው ይችላል። በእናንተ ሰሌዳ ያ ሰው አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ይህ መልስ ከድምሩ ተለይቶ፣ ከ0 በላይ በሆነ ቁጥር ለሰው መድረስ አለበት። ለኮምፒዩተር አይደለም፣ ለሰው።

ከ0 በላይ የሞላ ሁሉ ድንገተኛ አደጋ ላይ ነው ማለቴ አይደለም። «እንቅልፍ ወስዶኝ ባልነቃ» ብሎ የሚያስብ አለ፤ ዕቅድ ያወጣ፣ መሣሪያውንም ያዘጋጀ አለ። ልዩነቱን መጠይቁ አይነግርሽም። ደውለሽ በግልጽ ትጠይቂያለሽ። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? እንዴት ብለህ አሰብክ? ዛሬስ?» ትያለሽ። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ ብለው ይፈራሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ እፎይ ይላል።

በኦንላይን ሥራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰውየው አሁን የት ነው? የትኛው ቤት? ማን አጠገቡ አለ? በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ያለበትን ቦታና የሚደወልለትን የቅርብ ሰው ስልክ መያዝ ልማድ ይሁንሽ። ለታካሚው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን እውነቱን ንገሪው። «ይህን መጠይቅ የማነበው በሥራ ሰዓት ነው። በሌሊት ብትሞላው እስከ ጠዋት ላላየው እችላለሁ። ሌሊት ከከፋህ ወደ እዚህ ቁጥር ደውል» በይው። ተነብቦልኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ማንም ሳይመልስለት ሲያድር ተትቻለሁ ይላል። መልስ ሊሰጥ የሚችል ሰው በጭራሽ ከሌለ ዘጠነኛው ጥያቄ የሌለበት ፒኤችኪው-8 አለ፤ ደዋይ በማይኖርበት ትልልቅ የሕዝብ ጥናት ላይ የሚጠቀሙበት ነው። ለሕክምና አገልግሎት ግን እሱን መርጦ ጥያቄውን መሸሽ መፍትሔ አይመስለኝም። የሚያነበው ሰው ማዘጋጀት ነው።

ስለ ወጣቱ ልጅ ልመለስ። ሳነብ ደስ ያለኝ የእሱ ነገር ነው። ፒኤችኪው-9 የሕመም ምልክት ይቆጥራል፤ ኑሮን አይቆጥርም። ከዘጠኙ በታች ያለችውን ተጨማሪ ጥያቄ አፕሽ ይጠይቃል? እነዚህ ችግሮች ሥራህን፣ የቤት ጉዳይህን፣ ከሰው ጋር መኖርህን ምን ያህል አከበዱብህ የምትለዋን? ድምር ውስጥ ስለማትገባ ብዙ ጊዜ አፕ ሠሪዎች ይቆርጧታል። አስመልሻት። ከፍ ያለ ነገር ከፈለግሽ የሥራና የማኅበራዊ ኑሮ መለኪያ የሚባል አምስት ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ አለ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 8 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አምስት ጥያቄ ያለው የደህንነት መለኪያም አለ። እሱ የሚጠይቀው ስለ በጎው ነው፤ ደስ ብሎህ ሰነበትክ ወይ፣ ረጋ ብለሃል ወይ፣ ስትነሳ ዕረፍት አግኝተህ ነው ወይ እያለ። ድምሩን በ4 ስታበዢው ከ100 ይሆናል።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የሰውየውን የራሱን ግብ ነው። መጀመሪያ ስንገናኝ «ምን ቢሆን ተሻለኝ ትላለህ?» እለዋለሁ። በራሱ አፍ ይናገራል፣ እኔ ቃሉን ሳልቀይር እጽፈዋለሁ። «ክፍል መግባት»፣ «እናቴ ስትጠራኝ መውጣት»። ከዚያ ከ0 እስከ 10 አሁን የት ነህ እለዋለሁ። በየጥቂት ሳምንቱ ያንኑ እጠይቀዋለሁ። ያንቺ ልጅ በዚህ ቢለካ መስመሩ ሽቅብ ሲሄድ ታዪው ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ግን መጠይቁን ናቂ ማለቴ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ባለሙያዎችን ከ550 ታካሚዎቻችሁ እነማን ይብስባቸዋል ብለው ጠየቋቸው። ባለሙያዎቹ 3 ሰው ብቻ ጠቆሙ። የባሰባቸው 40 ነበሩ፤ ከተጠቆሙት ሦስት ደግሞ ልክ የሆነው አንዱ ብቻ ነው። እኛ የምንረዳው ሰው እየባሰበት መሆኑን ማየት ይከብደናል። ልባችን አይቀበለውም። ለዚህ ነው የምሞግትሽ። መስመሩ ቀይ ሲሆን «መጠይቁ ተሳስቷል» ከማለትሽ በፊት ደውዪ።

---

ከታካሚ ወገን፦

ባለሙያ አይደለሁም። በድባቴ ምክንያት በኦንላይን ስታከም ቆይቻለሁ፣ አሁን ደህና ነኝ። ስለ መሙላት የሚናገር ታካሚ እዚህ ስላላየሁ ልጻፍ።

የመጀመሪያው አገልግሎት ላይ በየሳምንቱ እሞላ ነበር። አማካሪዬ አንድም ቀን ስለሱ አላነሳልኝም። አንድ ሳምንት ሁሉንም 3 ብዬ ሞላሁ፤ በጣም ከፍቶኝ ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ «እንዴት ሰነበትሽ?» አለችኝ፣ ምንም እንዳላወቀች። ከዚያ በኋላ መሙላት ተውኩ። አልተሻለኝም ነበር፤ የተውኩት ማንም ስለማያነበው ነው። የማታ ፈረቃ፣ ከጠፉብሽ ሰዎች ውስጥ እንደዚህ ያሉ እንደሚኖሩ እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛው ቦታ ሌላ ነበር። አማካሪዬ መጠይቁን ስክሪን ላይ ከፍቶ «ድምሩን ተዪው፣ ይቺ ስድስተኛዋ ጥያቄ ከ1 ወደ 3 ሄዳለች፤ ምን ተፈጠረ?» አለኝ። ራስን እንደማይረባ ስለማየት የምትለዋ ነች። ሥራ ቦታ የሆነ ነገር ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለእሱ በቃል አልነግረውም ነበር፤ ቅጹ ላይ ግን ሞልቼዋለሁ። አፍ አውጥቶ ለመናገር የሚከብድ ነገር በጣት ለመንካት ይቀላል። ኦንላይን መለካት ለእኔ የጠቀመኝ እዚህ ጋ ነው። ሙሉ ሰዓቱ ስለዚያች አንድ ጥያቄ አለቀ።

ሌላ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ሰው ሲሞላ መልሱ ምን እንደሚያመጣበት ያስባል። ነጥብሽ ከወረደ ሕክምናው ይቆማል ከተባለ፣ ቶሎ መውረድ ያስፈራል። አማካሪሽን የምትወጂያት ከሆነ ደግሞ እንዳታዝን ብለሽ ዝቅ አድርገሽ ትሞያለሽ። ዘጠነኛዋ ላይ እውነቱን ብሞላ ፖሊስ ወይም ቤተሰብ ይጠሩብኛል ብሎ የሚፈራ አለ፤ እሱ 0 ይሞላል። ስለዚህ ስንጀምር ንገሩን። ማን ያየዋል፣ ለአለቃችሁ የሚሄደው በስማችን ነው ወይስ ያለ ስም፣ ምን ስንሞላ ምን ይደረጋል። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው እውነቱን መሙላት የጀመርኩት።

ስለ ሰዓቱ የግሌን ልበል። ለብሼ ነበር። ስልኬ «ዛሬ በቂ እርምጃ አልሄድሽም» ሲለኝ በጣም በከፋኝ ቀን ጥፋተኛ ነሽ የተባልኩ ነው የሚመስለኝ። እንቅልፌን ማየቱ ግን ጠቅሞኛል፤ ከመውደቄ በፊት የእንቅልፍ ሰዓቴ እየተዛባ እንደሚመጣ ያወቅሁት ከዚያ ነው። ማስጠንቀቂያውን አጥፍቼ መረጃውን ከአማካሪዬ ጋር ብቻ አየነው።

---

የማታ ፈረቃ፦

ሦስታችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። እርስዎን ደግሞ በተለይ፤ የዘጠነኛውን ጥያቄ ነገር ዛሬውኑ ጠዋት አነሳሁት። ከ0 በላይ ሲሞላ ለተረኛ ባለሙያ በስልክ መልእክት እንዲደርስ ተስማምተናል። ሌሊት ተረኛ እስኪመደብ ድረስ መጠይቁ የሚላከው በሥራ ሰዓት ብቻ ይሆናል። ይህን ወዲያው መለወጥ ተችሏል፤ ሌላው ጊዜ ይፈልጋል።

ከታካሚ ወገን፣ የጻፍሽው ከውስጤ አልወጣ አለ። ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ የምከፍተው ከሞሉት መልስ አንዱን አንስቼ በመጠየቅ ነው። ያቺ ነጥቧ 8 የገባው ታካሚዬ ጋም በዚሁ እጀምራለሁ። «እንቅልፍሽ ተስተካክሏል፤ ማዘንሽ ግን እንደነበረ ነው» ብዬ ፊት ለፊት ልነግራት ነው። እንዳየኋት ማወቅ አለባት።

ለአለቃዬ አንድ ቁጥር አልሰጥም። የጀመሩት ስንት ናቸው፣ የመጨረሻ ልኬት ያላቸው ስንት፣ ከነሱ አስተማማኝ ለውጥ ያሳዩ ስንት፣ የባሰባቸው ስንት፣ የራሳቸውን ግብ የቀረቡ ስንት። የባሰባቸውን መጻፍ እንደሚያስጨንቀው አውቃለሁ። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ማወቅ የምፈልገው እነሱን ነው።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ቁጥር አንባቢ፣ ፒኤችኪው-9 ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው የሚጠይቀው፤ በየሳምንቱ መላኩ ችግር የለውም? ስለ ሰዓቱስ ምን ትላለህ? እርስዎን ደግሞ፣ ለጠፉት ሰዎች ምን ብለው ይጽፉላቸዋል?

---

ቁጥር አንባቢ፦

በየሳምንቱ መላክ ይቻላል፤ እንግሊዞቹም እንዲያ ነው የሚያደርጉት። የዛሬው መልስና ያለፈው ሳምንት መልስ አንድ ሳምንት እንደሚጋሩ ብቻ ልብ በይ። ስለዚህ ከሳምንት ሳምንት ያለውን ትንሽ እንቅስቃሴ አትከተዪ፤ የወሩን አቅጣጫ እይ። ዘጠነኛው ጥያቄ ብቻ በየሳምንቱ ለብቻው ይታያል። ሰው እየሰለቸው ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ አድርጊው። ሳይነበብ ከሚሞላ ብዙ ቅጽ የተነበበ ጥቂት ይሻላል።

በሰዓቱ ላይ ከታካሚ ወገን የጻፈችውን እደግፋለሁ። በአሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2013 የ48 ተማሪዎችን ስልክ ለ10 ሳምንታት የተከታተለ ታዋቂ ጥናት አለ። እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴና ከሰው ጋር ማውራት ከጭንቀትና ከድባቴ ነጥብ ጋር ዝምድና እንዳላቸው አሳይቷል። ግን ዝምድናው በቡድን ደረጃ ነው። የአንዲት ሴት እርምጃ ቀነሰ ማለት ከፋት ማለት አይደለም፤ ጉንፋን ይዟት ወይም ስልኳን ቤት ትታው ይሆናል። አንድን ሰው ከራሱ ያለፉ ሳምንታት ጋር ብቻ አወዳድሪ። በሪፖርት ውስጥም አታስገቢው። መስማማት የማይፈልግ ሰው እንቢ ሲል ሕክምናው ምንም እንደማይጎድልበት በጽሑፍ ይነገረው።

---

የቆየች ነርስ፦

የሥራ ሰዓቱን ነገር ወዲያው በማስተካከልሽ ደስ ብሎኛል ልጄ።

ለጠፉት ስጽፍ መጠይቅ አልልክም። እንዲህ ነው የምለው፦ «መሙላቱን ተወው፣ ግዴታ የለብህም። ካንተ የምፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ተሽሎህ ከሆነ ያቆምከው 1 ብለህ ላክልኝ። ሰልችቶህ ወይም አልጠቀመኝም ብለህ ከሆነ 2። ከብዶህ መጻፍ ካቃተህ 3፣ እኔ እደውላለሁ።» ሁሉም አይመልስም፤ የሚመልሱት ግን ይበዛሉ። 2 ያሉትን አልከራከራቸውም፣ ሌላ ቦታ እንዲያገኙ እረዳቸዋለሁ። 3 ላለው በዚያው ቀን ይደወላል። ምንም ላልመለሰ ደግሞ ከሳምንት በኋላ አንዴ እደውላለሁ፤ ከመጥፋቱ በፊት ዘጠነኛው ላይ የሆነ ነገር ሞልቶ የነበረ ከሆነ ግን ሳምንት አልጠብቅም። መልሳቸውን በሙሉ ቁጥር አንባቢ «60ዎቹ» ካላቸው ሰዎች አጠገብ መዝግቢው፤ ያኔ አለቃሽ የት ገቡ ሲልሽ ቢያንስ ለግማሾቹ መልስ ይኖርሻል።